የልጃገረዶቹ በረዶ

አንድ ሕዝብ ስለ ልጆቹ የሚያስበውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ የትምህርት ቤቱን ደጅ ብቻ ሳይሆን የጨዋታውንም ሜዳ ቢመለከት ብዙ ነገር ይረዳል። ሜዳው የማን ነው? በየትኛው ሰዓት ማን ይገባበታል? ማንስ ከዳር ቆሞ ይመለከታል? እነዚህ ጥያቄዎች ጥቃቅን መስለው ይታያሉ፤ መልሳቸው ግን ከብዙ ዐዋጅ ይልቅ የአገሩን ልማድ ይናገራል። በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ የሩቅ አገር ውድድር ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው። ውድድሩ በካናዳ አገር፥ በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር፥ ከቶሮንቶ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በብራምተን ከተማ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የልጃገረዶችና የሴቶች የበረዶ ሆኪ ውድድር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት እንናገር። በእኛ አገር በረዶ ከሰማይ ወርዶ ፀሐይ ብቅ ሲል የሚቀልጥ እንግዳ ነው፤ በካናዳ ግን በብርዱ ወራት ኵሬውና ወንዙ ረግቶ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር፥ ሕዝቡ በላዩ መሄድን ብቻ ሳይሆን መጫወትን ተማረ። ቢሆንም የእኛ ሰው ይህን ጨዋታ ለመረዳት አይቸግረውም። በልደት በዓል ሰሞን በአብዛኛው ወንዶች ልጆችና ጎልማሶች ጫፉ በቈለመመ በትር ሩር እየመቱ የሚጫወቱት የገና ጨዋታ ለሆኪ የቅርብ ዘመድ ነው። አማርኛን በማጥናት ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ፤ «ገና» የሚለው ቃል «ና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉንና ጨዋታውን ያመለክታል፤ ላልቶ ሲነበብ ግን ጊዜው ያልደረሰውን፥ ያልተፈጸመውን ነገር ይናገራል። ፊደሉ አንድ ሲሆን ትርጕሙን የሚለየው ድምፁ ነው።

በበረዶ ሆኪ ሩሩ ድቡልቡል አይደለም። ውፍረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል፥ የክቡ ስፋት ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፥ ክብደቱም ከ156 እስከ 170 ግራም የሚደርስ ጠፍጣፋ ጎማ ነው፤ ስሙንም ፓክ ይሉታል። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ቀጭን ስለታም ብረት ያለበት ጫማ አጥልቀው በበረዶው ላይ ይንሸራተታሉ። በእያንዳንዱ ወገን አንድ በረኛና አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሩጫው እጅግ አድካሚ ስለ ሆነም፥ አንዲት ተጫዋች ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላት ወጥታ ሌላይቱ ትተካታለች፤ ጥቂት ካረፈች በኋላም ተመልሳ ትገባለች።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጥያቄ ግን በትሩም ሩሩም አይደለም፤ ሜዳው ነው። በአዳራሽ ውስጥ የሚሠራው የበረዶ ሜዳ በሰሜን አሜሪካ ልማድ ርዝመቱ 61 ሜትር፥ ስፋቱ 26 ሜትር ያህል ነው። ከወለሉ ሥር በተዘረጉት ቧንቧዎች እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይመላለሳል፤ በወለሉም ላይ ውኃ በስስ በስሱ እየፈሰሰ ጥቂት ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ እንዲረጋ ይደረጋል። የጫማዎቹ ስለት በረዶውን ስለሚቧጥጠው በየጊዜው በመኪና ተፍቆና በውኃ ተለስኖ መታደስ አለበት። ይህንንም መኪና በ1949 ዓ.ም. በካሊፎርንያ የሠራው ፍራንክ ዛምቦኒ የተባለ ሰው ነው። አዳራሹን ማቆም፥ ኤሌክትሪኩን መክፈል፥ ሠራተኛውን መቅጠር፥ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ያላገኘ ልጅ በመንገድ ዳርም ቢሆን ይጫወታል፤ ኵሬው በማይረጋበት ቦታና ወራት የአዳራሽ ተራ ያላገኘ የሆኪ ተጫዋች ግን ጨዋታ የለውም። ስለዚህ በካናዳ «የበረዶ ሰዓት» የሚባለው ነገር፥ በእኛ ገበሬ ዘንድ እንደ መስኖ ውኃ ሁሉ ተራ የሚያዝበት፥ የሚቈጠርና አንዳንድ ጊዜም የሚያጣላ ሀብት ነው። የሴቶች ሆኪ ታሪክ በብዙ ረገድ የዚህ ሰዓት ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሴቶች በዚህ ጨዋታ እንግዶች አልነበሩም። ስሙን በታወቀው ዋንጫ ላይ የተወው እንደራሴ ሎርድ ስታንሊ በኦታዋ ሳለ፥ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ሴት ልጁ ኢዛቤል ከጓደኞቿ ጋር በበረዶ ላይ ትጫወት ነበር። በ1930ዎቹም ዓመታት በዚያው በኦንታርዮ የተነሣው የፕሬስተን ሪቩሌትስ የሴቶች ቡድን በአገሩ ሁሉ ዝናው የተሰማ ነበረ። ነገር ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ቡድኑ ፈረሰ። ከጦርነቱ በኋላ ወንዶቹ ወደ ሜዳቸው ሲመለሱ ሴቶቹ ግን አልተመለሱም፤ ሰዓቱና ገንዘቡ ለወንዶች ልጆች ተመደበ። እንዲህም ሆኖ አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ፥ ሆኪ ከጥንት ጀምሮ የወንድ ብቻ እንደ ነበረ ተደርጎ ይነገር ጀመር። ልማድ የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ዕድሜው ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላም።

በ1955 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተማ አቢጌል ሆፍማን የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ሆኪ ለመጫወት ፈለገች። ወንድሞቿ ይጫወቱ ነበር፤ ለእርሷ የሚሆን የልጃገረዶች ቡድን ግን አልተገኘም። ስለዚህ ስሟን አሳጥራ «አብ ሆፍማን» በሚል ከወንዶቹ ጋር ተመዘገበች፤ ጠጕሯም አጭር ስለ ነበረ ማንም ልብ አላላትም። ጨዋታዋ ያማረ በመሆኑ ለምርጦች ቡድን ታጨች። ጉዷም የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለምርጦቹ ውድድር የልደት ምስክር ወረቀት ሲመረመር ሴት ልጅ መሆኗ ታወቀ፤ በ1956 ዓ.ም. የወጡት ጋዜጦችም ወሬዋን በሰፊው አወሩት። ልጅቱን ያጋለጣት ድክመቷ ሳይሆን ብልጫዋ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በኋላም ፊቷን ወደ ሩጫ መለሰችና፥ አበበ ቢቂላ የማራቶንን ድል ለሁለተኛ ጊዜ ከተቀዳጀበት ከ1964ቱ የቶክዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ በአራት ኦሊምፒኮች አገሯን ወክላ ሮጠች። በ1982 ዓ.ም. የካናዳ የሴቶች ሆኪ ብሔራዊ ሻምፒዮና በተጀመረ ጊዜ ዋንጫው በስሟ ተጠራ።

እንግዲህ በብራምተን የተደረገው ነገር ዋጋው የሚታየው ከዚህ ታሪክ ጎን ሲቀመጥ ነው። ከተማይቱ በዚያ ዘመን ትንሽ ነበረች፤ በመስታወት ቤቶች ውስጥ በሚበቅሉት አበቦቿም የታወቀች ነበረች። 1967 ዓ.ም. የካናዳ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተበት መቶኛ ዓመት የተከበረበት ነው። በዚያው ዓመት ካናዴትስ የሚባለው የከተማይቱ የልጃገረዶች ሆኪ ማኅበር አስተናጋጅ ሆኖ «የዶሚኒየን የሴቶች ሆኪ ውድድር» ተከፈተ። ሃያ ሁለት ቡድኖች መጡ። ከተጫዋቾቹ መካከል የትንሿ ዕድሜ 9፥ የትልቋ 50 ዓመት ነበረ። የልጅ፥ የእናትና የአያት ዕድሜ በአንድ ውድድር ተገናኘ ማለት ነው። እንዲህ የሆነበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

«ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያገራችን ሰው። የምዕራቡ አብያተ ክርስቲያናት በሚያከብሩት ፋሲካ ሰሞን የሚደረግ በመሆኑ «የፋሲካ ውድድር» እየተባለ የተጠራው ይህ ስብሰባ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ፥ ግማሽ ምዕት ዓመት ካለፈው በኋላ በመቶ የሚቈጠሩ ቡድኖች የሚገናኙበት ሆነ። ድሮ አንድ ላይ ተደባልቀው የነበሩት ተጫዋቾች ዛሬ በዕድሜ ተለይተዋል፤ በካናዳ ደንብ መሠረት ከዘጠኝ፥ ከዐሥራ አንድ፥ ከዐሥራ ሦስት፥ ከዐሥራ አምስትና ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ተብለው ይመደባሉ። ይህ መለያየት የመቀራረብ ማነስ ምልክት አይደለም፤ ቍጥራቸው ስለ በዛ የመጣ እንጂ።

እንዲህ ያለ ውድድር እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው፥ ዋናው ነገር ዋንጫው ይመስለዋል። ሥራው ግን ከዋንጫው በፊት ብዙ ወራት ይጀምራል። የየአዳራሹ ሰዓት አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ቡድኖቹ በችሎታቸው ተመጣጥነው መደልደል አለባቸው፤ ዳኞች፥ ሰዓት ጠባቂዎችና ነጥብ መዝጋቢዎች መገኘት አለባቸው። ቡድኖቹ በየምድባቸው እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ፤ ብዙ ነጥብ ያገኙት ወደ ሚቀጥለው ዙር ያልፋሉ። አንዱ ጨዋታ ቢዘገይ የሚቀጥለው ሁሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሰዓት በጥብቅ ይከበራል። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ብዙውን ጊዜ ማለዳ ስለሚጀምሩ፥ አባት ገና ሳይነጋ መኪናውን ያሞቃል፤ እናት የትንሿን ልጅ የጫማ ማሰሪያ በጉልበቷ ስባ ታጠብቃለች። ይህ ሥራ በአብዛኛው ደመወዝ የለውም። በወላጆችና በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ውድድሩም ለዚህን ያህል ዘመን የዘለቀው ሸክሙን የሚካፈል ሰው ስላላጣ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ለልጃገረዶች የተለየ ውድድር ማዘጋጀት ይሻላል ወይስ የወንዶቹን በር መክፈት? በኦንታርዮ ይህ ጥያቄ በቃል ክርክር ብቻ አልቀረም፤ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1985 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረችው ጀስቲን ብሌይኒ በቶሮንቶ በአንድ የወንዶች ቡድን ተፈትና ተመረጠች። የሆኪው ማኅበር ግን ሴት በመሆኗ አልፈቀደላትም። በጊዜው የክፍለ ሀገሩ የሰብአዊ መብት ሕግ በጾታ ምክንያት ማበላለጥን ቢከለክልም፥ ስፖርትን ከዚህ ክልከላ ውጭ የሚያደርግ አንቀጽ ነበረበት። በ1986 ዓ.ም. የኦንታርዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፥ ይህ አንቀጽ በካናዳ የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር የተረጋገጠውን እኩልነት ይጻረራል ብሎ ሻረው። ከዚያም በኋላ ነገሩ በሰብአዊ መብት ጉባኤ ታይቶ፥ ልጅቱ ከወንዶቹ ጋር ለመሰለፍ በቃች።

አንባቢን የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦንታርዮ የሴቶች ሆኪ ማኅበር በዚህ ክርክር ከልጅቱ ጎን አልቆመም፤ ተቃራኒዋ ሆኖ ተሰለፈ። ስለ ምን ቢሉ፥ ማኅበሩ የፈራው ነገር ነበረ። ብርቱዎቹ ልጃገረዶች ሁሉ ወደ ወንዶቹ ቡድን ከሄዱ፥ የሴቶቹ ሆኪ ምርጦቹን ያጣል፤ ደግሞም በሩ ለሁለቱም ወገን ከተከፈተ ወንዶች ልጆች ወደ ሴቶቹ ቡድን መግባትን ቢጠይቁ ምን ይመለስላቸዋል? በብዙ ድካም የተሠራ ቤት ከውስጥ እንዳይፈርስ ሰጉ። ልጅቱ ደግሞ በበኩሏ ያየችው ነገር ነበረ። የወንዶቹ ቡድን የበረዶ ሰዓት ይበዛል፤ ጨዋታቸውም ይበዛል፤ ወንድሟ የሚያገኘውን እርሷ አታገኝም። የሁለቱም ወገን ምክንያት እውነት ነበረ። ሁለት እውነት ሲጋጭ ዳኛ መሆን ቀላል አይደለም።

ዘመኑ ካለፈ በኋላ ሲታይ ግን፥ የፈሩት ነገር አልደረሰም። የወንዶቹ በር በተከፈተ ጊዜ ጥቂቶች ልጃገረዶች ገቡ፤ እጅግ የሚበዙት ግን ወደ ሴቶቹ ቡድኖች ጐረፉ። ይህ የሆነው የሚሄዱበት የራሳቸው ቤት አስቀድሞ ተሠርቶ ስለ ቈያቸው ነው። በእኛ አስተያየት ሕጉና ውድድሩ ጠላቶች አልነበሩም። ሕጉ ማንም ልጅ «ሴት ነሽ» ተብላ እንዳትመለስ አደረገ፤ ውድድሩ ደግሞ ሴት መሆኗን ሳትደብቅ፥ ስሟን ሳታሳጥር የምትጫወትበትን ቦታ ሰጣት። አንዱ ያለ ሌላው ጐዶሎ ይሆን ነበር። ፍርድ ቤት የተዘጋን በር ለማስከፈት ይችላል፤ ለሺህ ልጃገረዶች አሠልጣኝ፥ ዳኛና የማለዳ ሰዓት ለመስጠት ግን አይችልም።

ፍሬው ቈይቶ መጣ። በ1987 ዓ.ም. በቶሮንቶ አካባቢ የሴቶች ሆኪ የዓለም ውድድር ተሞከረ። በዚያም ጊዜ የሚሲሳጋ ከተማ ከንቲባ የነበሩት፥ በወጣትነታቸው በሞንትሪያል ሆኪ የተጫወቱት ወይዘሮ ሄዝል ማካሊዮን ደጋፊ ሆኑ፤ ዋንጫውም በስማቸው ተጠራ። በ1990 ዓ.ም. ስምንት አገሮች በኦታዋ ተገናኝተው የመጀመሪያው ይፋዊ የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ፤ ካናዳም የተባበሩት አሜሪካን 5 ለ 2 አሸነፈች። በ1998 ዓ.ም. በጃፓን በናጋኖ የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሆነ፤ በዚያ ግን አሜሪካኖቹ ካናዳን 3 ለ 1 ረቱ። በብራምተን ያደገችው ካሲ ካምቤል በ2002 እና በ2006 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘውን የካናዳ ቡድን በአለቅነት መራች፤ በከተማይቱም በስሟ የተጠራ የሕዝብ መዝናኛ አዳራሽ ተሠራ። በ2024 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ቀን ደግሞ በዚያ ጊዜ ስድስት ቡድኖች የነበሩት የሴቶች የሙያ ሆኪ ሊግ በቶሮንቶ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ።

ይህን ስንጽፍ ሁሉ ነገር ተቃንቷል ለማለት አይደለም። ከፍርዱ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ቈይቶ፥ በ2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ የልጃገረዶች ቡድኖች በሕዝብ ንብረት በሆኑት አዳራሾች የሚገባቸውን የበረዶ ሰዓት አላገኙም ተብሎ በአደባባይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሕጉ ተለውጦ ሳለ የሰዓቱ ሰሌዳ አልተለወጠም ነበርና ነው። ከዚህም ሌላ የመሣሪያውና የአዳራሹ ዋጋ ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ነው። ብራምተን ዛሬ ትንሽ ከተማ አይደለችም፤ በ2021ዱ ቈጠራ ነዋሪዎቿ ከ650 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በሌላ አገር የተወለዱ ናቸው። በረዶን በልጅነታቸው ያላዩ ወላጆች፥ ከእነርሱም ጋር በቶሮንቶ አካባቢ የሚኖሩት የእኛ አገር ልጆች፥ ሴት ልጃቸው «ሆኪ አስገቡኝ» ስትላቸው የሚያስቡት ስለ ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ገንዘቡም፥ ስለ ማለዳው መንገድም፥ ስለ ጉዳቱም ነው። በልጃገረዶች ሆኪ ባላጋራን በሰውነት ገጭቶ መጣል የተከለከለ መሆኑን ሲሰሙ ግን ጥቂት ይረጋጋሉ።

ውድድር ምን ያህል ተሰባሪ ነገር እንደ ሆነም ታይቷል። በ2020 ዓ.ም. በማርች ወር በወረርሽኙ ምክንያት በካናዳ የተደራጀ ሆኪ ሁሉ እንዲቆም ተደረገ፤ አዳራሾቹም ተዘጉ። ዐሥር ዓመት የሞላት ልጅ አንድ ዓመት ሲቀርባት ያ ዓመት ተመልሶ አይገኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት ዐሥራ አንድ ትሆናለችና። ትልልቅ ሰዎች «ለከርሞ ይደርሳል» የምንለው ነገር ለልጅ የማይደርስበት ጊዜ አለ።

በእኛ አካባቢ በረዶ የለም ብሎ ይህን ወሬ የሚንቅ አንባቢ ቢኖር፥ በ2005 ዓ.ም. በናይሮቢ በአንድ ሆቴል የበረዶ ሜዳ ተከፍቶ የኬንያ ወጣቶች ሆኪ እንደ ተማሩበት እንነግረዋለን። ነገር ግን ቁም ነገሩ በረዶው አይደለም። በሥራ ኀላፊነት ላይ ያለ ሰው፥ የወረዳ ሹምም ይሁን የትምህርት ቤት ዲሬክተር፥ ሜዳ፥ አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት ባለበት ስፍራ ሁሉ አንድ ሰሌዳ በእጁ ይገኛል። ሰሌዳው ላይ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የማን እንደ ሆነ ተጽፏል። ልጃገረዶቹ ስማቸው በዚያ ሰሌዳ ላይ ካለ፥ በየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ ይመልከት፤ ከሌለም ለምን እንደ ሌለ ይጠይቅ። «ሴቶቹ አልጠየቁም» የሚል መልስ ቢሰጠው፥ በብራምተንም በ1967 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ቡድን እስኪጠራ ድረስ ብዙ ሰው እንዲሁ ሳያስብ እንዳልቀረ ያስታውስ። ጥሪው በወጣ ጊዜ የዘጠኝ ዓመቷም የሃምሳ ዓመቷም መጡ።